መልሕቅ የጣሉ ድምፆች፦ የባሕር ላይ ሬዲዮዎች ናፍቆት



በ1967 በጋ፣ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባለችው ፍሪንተን በተባለች የባሕር ዳር ከተማ፣ ሲመሽ መኪኖች ወደ ገደሉ አፋፍ እየወጡ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ይቆሙ ነበር። በውስጣቸው ያሉት ወጣቶች ሬዲዮ ከፍተው ይጠብቃሉ። ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በጨለማው ውኃ ላይ የምትዋዥቅ አንዲት መርከብ አለች። በመርከቧ ሆድ ውስጥ ጆኒ ዎከር የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ሸክላ ያጫውታል። ዎከር በማይክሮፎኑ ይጠይቃል፤ መኪኖቹ የፊት መብራታቸውን ቦግ እልም እያደረጉ ይመልሱለታል፤ እርሱም ከባሕር ሆኖ ያየውን መብራት መልሶ በአየር ላይ ያወራል። እንዲህ እየተባባሉ ያመሻሉ።

የዛሬው ዲስኩር ስለዚያች መርከብና ስለ ጓደኞቿ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጣቢያው ሬዲዮ ካሮላይን ይባላል። እርሱን የመሰሉ ጣቢያዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ ተጀምረው በሰሜን አውሮፓ ባሕሮች፣ በቴምዝ ወንዝ አፍ፣ በቴል አቪቭ ፊት ለፊት፣ በኒውዚላንድም ጠረፍ ላይ ሳይቀር መልሕቅ ጥለዋል። ጋዜጦች የባሕር ወንበዴዎች እያሉ ጠሯቸው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። አብዛኞቹ ከአሥር ዓመት በላይ አልቆዩም። ብዙዎቹ ዝም ካሉ ግማሽ ምዕት ዓመት ያለፋቸው እነዚህ ጣቢያዎች ግን ዛሬም ይናፈቃሉ። ሽማግሌዎች የምሥረታ በዓላቸውን ያከብራሉ፣ የጣቢያ መለያ ዜማቸውን ይሰበስባሉ፣ ዝገት የበላትን መርከብ ለማየት በጀልባ ይሄዳሉ። ሰው የሚናፍቀው ዘፈኖቹን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ዘፈኖቹ ዛሬ ሁሉም ስልክ ላይ አሉ። ስለዚህ የሚናፈቀውን ነገር ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ፍለጋው የሚጀምረው ከዝምታው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ ምድር ሬዲዮ ማሰራጨት የሚችለው ቢቢሲ ብቻ ነበር። ቢቢሲ ትልቅ ተቋም ነው፤ ዜናውም ድራማውም የተከበረ ነበር። ነገር ግን ከሸክላ አሳታሚዎችና ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር የገባው ስምምነት በሳምንት ስንት ሰዓት ሸክላ ማጫወት እንደሚችል ይወስንበት ነበር። የሸክላው ሰዓት ሲያልቅ፣ ወጣቱ የወደደውን ዘፈን የቢቢሲ ኦርኬስትራ በራሱ መንገድ ተጫውቶ ያቀርብለታል። ቢትልስን የፈለገ ልጅ ቢትልስን የሚመስል ነገር ይሰጠዋል። ሌላው አማራጭ ሬዲዮ ሉክሰምበርግ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ሥርጭቱ የሚሰማው ማታ ብቻ ሲሆን፣ ድምፁም እየመጣ እየጠፋ ያስቸግራል፤ ከሰዓቱም ብዙውን የሸክላ ኩባንያዎች ገዝተው የራሳቸውን አርቲስት ያስተዋውቁበታል። በዚያው ዘመን በኪስ የሚያዝ ትራንዚስተር ሬዲዮ በልጆች እጅ ገብቷል። መሣሪያው አለ፣ ጆሮው አለ፤ የሚሰማው ግን የለም።

መውጫውን መጀመሪያ ያገኙት እንግሊዞች አልነበሩም። ዴንማርኮች በ1958 ሬዲዮ ሜርኩርን ከመርከብ ላይ ማሰራጨት ጀመሩ።  በ1960 ኔዘርላንዶች ሬዲዮ ቬሮኒካን ከፈቱ፤ ስዊድኖችም በሬዲዮ ኖርድ ተከተሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በዚያን ጊዜ የአንድ አገር የባሕር ክልል ከጠረፉ ሦስት የባሕር ማይል፣ ማለትም አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ከዚያ አልፎ የቆመ መርከብ የሚገዛው ባንዲራውን በሚያውለበልብለት አገር ሕግ ነው። ባንዲራው የፓናማ ወይም የሆንዱራስ ይሆናል፤ እነዚያ አገሮች ደግሞ በሰሜን ባሕር ላይ ማን ምን እንደሚዘፍን አያስጨንቃቸውም።

ተፈጥሮም ረድታለች። መካከለኛ ሞገድ በደረቅ መሬት ላይ ሲጓዝ ቶሎ ይደክማል፤ ጨዋማ ውኃ ግን ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ሞገዱ በባሕር ላይ ሩቅ ይሄዳል። በመሬት ላይ አነስተኛ የሚባል ማሰራጫ መርከብ ላይ ሲጫን አገር ያዳርሳል። ከባዱ ነገር አንቴናው ነው። እንደ ሕንፃ የረዘመ ምሰሶ በሚናጥ መርከብ ላይ ማቆም፣ በነፋስ እንዳይወድቅ በሽቦ መወጠር፣ ጨው የበላውን ማገጃ መቀየር የዕለት ሥራ ነበር።

ከስካንዲኔቪያ ዘመን አንዲት ሴት ሳትነሣ አትታለፍም። ብሪት ዋድነር ስዊድናዊት ናት። ሬዲዮ ሲድ የተባለውን ጣቢያ ተረክባ መራች። ዴንማርክና ስዊድን በ1962 የባሕር ላይ ሥርጭትን በሕግ ሲከለክሉ ሌሎቹ መርከባቸውን ይዘው ገቡ፤ ዋድነር ግን ቀጠለች። ከሰሷት፣ ቀጧት፣ እስር ቤት አስገቧት። ከእስር ወጥታም ሥራዋን አልተወችም። የኋላ ኋላ ያሸነፋት የ1966ቱ ክረምት በረዶ ነው። ዋድነር ወደ አፍሪካ ወርዳ በ1970 በጋምቢያ መዲና በምድር ላይ፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ ሬዲዮ ሲድን እንደገና ከፈተች። ስለ ባሕር ላይ ሬዲዮ የሚጻፉት መጻሕፍት ጺማም ወጣት ወንዶችን ሲያወድሱ ገጻቸው ያልቃል። ከባድ ዋጋ የከፈለችው ይህች ሴት ግን በግርጌ ማስታወሻ ትቀራለች፤ ይህ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

ወደ ካሮላይን እንመለስ። ሮናን ኦራሂሊ ለንደን ውስጥ የሙዚቃ ክበብ የሚያንቀሳቅስ፣ ሙዚቀኞችን የሚያስተዳድር አየርላንዳዊ ወጣት ነበር። ጆርጂ ፌም የተባለውን ዘፋኝ ሸክላ ይዞ ቢዞር የሚያጫውትለት ጣቢያ አጣ። አባቱ ግሪኖር የሚባል ወደብ ነበራቸው። ኦራሂሊ ፍሬደሪሺያ የምትባል የዴንማርክ መንገደኛ ማመላለሻ መርከብ ገዝቶ እዚያ ወደብ ውስጥ ማሰራጫና ምሰሶ አስተከለላት። ስሟንም ካሮላይን አለው፤ ራሱ ሲናገር እንደኖረው፣ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ካሮላይን በአባቷ ቢሮ ውስጥ ስትጫወት የሚያሳይ ፎቶግራፍ አይቶ ነው። ጣቢያው መጋቢት 28 ቀን 1964፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ሥርጭት ጀመረ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሬዲዮ አትላንታ የተባለ ተፎካካሪ ሚ አሚጎ በተባለች መርከብ ላይ መጣ። በሐምሌ ሁለቱ ተዋሐዱ፤ የመጀመሪያዋ መርከብ ወደ ሰሜን ተጉዛ ከማን ደሴት አጠገብ ቆመች፣ ሚ አሚጎ በደቡብ ቀረች። አንዱ ጣቢያ አብዛኛውን የብሪታንያ ሕዝብ ያዳረሰው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የቴክሳስ ሰዎች ገንዘብ ይዘው ደረሱ። ሬዲዮ ለንደን ጋላክሲ በተባለች መርከብ ላይ ተከፈተ። መርከቧ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፈንጂ ጠራጊ ነበረች። ማሰራጫዋ 50 ኪሎ ዋት፣ መለያ ዜማዎቿ በዳላስ የተቀዱ፣ የሰዓት አከፋፈሏም የአሜሪካ ጣቢያዎችን የተከተለ ነበር። ካሮላይን የልብ ጣቢያ ነበረ፤ ሬዲዮ ለንደን ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ የንግድ ድርጅት። ከዚያ መርከብ ኬኒ ኤቨረት፣ ቶኒ ብላክበርንና ጆን ፒል ወጡ። ፒል ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚያቀርበው «ዘ ፐርፊውምድ ጋርደን» ማንም የማይሰማው መስሎ ነጻነቱን ወሰደ፤ ረጃጅም ሙዚቃ አጫወተ፣ የአድማጮችን ደብዳቤ አነበበ፣ ግጥም አሰማ። አለቆቹ መጀመሪያ ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ አላስተዋሉም። በእነዚያ ሌሊቶች የተጀመረው የፒል የሬዲዮ ጠባይ በ2004 እስከ ሞተበት ድረስ አልተለወጠም።

የመርከቡ ኑሮ ፊልም እንደሚያሳየው አልነበረም። አቅራቢዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ ቆይተው አንድ ሳምንት ምድር ላይ ያርፋሉ። ምግብ፣ ነዳጅ፣ ውኃ፣ አዲስ ሸክላና የአድማጭ ደብዳቤ ከሃሪች ወደብ በጀልባ ይመጣላቸዋል፤ ከአገር እንደሚወጣ ተጓዥም የጉምሩክና የፓስፖርት ፍተሻ ያልፋሉ። ማዕበል ሲበረታ ጀልባው ይቀራል፤ ስንቁም ይቀራል። መርፌዋ ከሸክላው ላይ ትዘላለች። ወንበር ይንሸራተታል፣ አቅራቢው ጠረጴዛውን በአንድ እጁ ይዞ ይናገራል፣ አንዳንዱም ከባሕር ሕመም ጋር እየታገለ ዘፈን ያስተዋውቃል። አድማጩ ይህን ሁሉ ይሰማዋል። የአየር ትንበያው ማዕበል ካለ፣ ቤቱ በብርድ ልብሱ ውስጥ ያለ ልጅ ስለዚያ ሰው ያስባል።

ጥር 1966 ላይ ሚ አሚጎ መልሕቋ ተበጥሶ በፍሪንተን አጠገብ ከባሕሩ ዳር ተላተመች። ሠራተኞቹ በሌሊት፣ በገመድ እየተንጠለጠሉ ወደ ምድር ወጡ። በዚህ ጊዜ በረዶ ሥራ ያስፈታት ብሪት ዋድነር የራሷን መርከብ ለካሮላይን አዋሰች። ተፎካካሪ ሊባል የሚችል ጣቢያ ለሌላው መርከብ የሚያውስበት ዘመን ነበር። ይህንንም ሰው አይረሳም።

ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ እንዲህ አልነበረም። ናፍቆት የሚያጎድለውን ክፍል ዲስኩሩ ማጉደል የለበትም።

በቴምዝ ወንዝ አፍ በጦርነቱ ጊዜ የጀርመንን አውሮፕላን ለመከላከል የተሠሩ የብረትና የሲሚንቶ ምሽጎች በውኃ መካከል ቆመው ቀርተው ነበር። በእነርሱም ላይ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሺቨሪንግ ሳንድስ በተባለው ምሽግ ላይ ያለው ሬዲዮ ሲቲ፣ የሙዚቀኞች አስተዳዳሪ የነበረው የሬጂናልድ ካልቨርት ነበር። ካልቨርትና በሬዲዮ አትላንታ ኩባንያ ውስጥ የነበረው ኦሊቨር ስሜድሊ በአንድ ማሰራጫ ይጣላሉ። ሰኔ 1966 ላይ ስሜድሊ ሰዎች ልኮ ምሽጉን በሌሊት አስያዘ። በማግሥቱ ካልቨርት በቁጣ ወደ ስሜድሊ ቤት ሄደ፤ እዚያም በጠመንጃ ተመትቶ ሞተ። ስሜድሊ ራሴን ተከላክዬ ነው አለ፤ ፍርድ ቤቱም ነጻ ለቀቀው። በ2009 የወጣው «ዘ ቦት ዛት ሮክድ» የተባለው የሪቻርድ ከርቲስ ፊልም መርከቧን በሳቅና በዳንስ ሞልቷታል፤ በሌሊት ምሽግ የሚይዙ ቅጥረኞችንና በጥይት የወደቀ ሰውን ግን አያሳይም።

የመንግሥትም ክርክር ባዶ አልነበረም። የሬዲዮ ሞገዶች በዓለም አቀፍ ስምምነት ለአገሮች የተከፋፈሉ ናቸው፤ ባሕር ላይ ያለ ጣቢያ ያለ ድልድል ገብቶ ሲያሰራጭ የሌላ አገር ሕጋዊ ጣቢያ ይረበሻል። የሸክላ ኩባንያዎች ሥራችን ያለ ፈቃዳችን ይጫወታል እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ምንም እንኳ የእነርሱው ሠራተኞች አዲስ ሸክላ ይዘው ወደ ጣቢያዎቹ ቢሮ ቢመላለሱም። በሕግ ረገድ መንግሥት ትክክል ነበር። ጥፋቱ በሩን ዘግቶ፣ በቦታው ምንም ሳያቀርብ፣ ሚሊዮኖች ሲሰሙ ዓመታት ማሳለፉ ነው። በ1965 የአውሮፓ ምክር ቤት ስትራስቡርግ ላይ አባል አገሮች የባሕር ላይ ጣቢያዎችን ከምድር ሆነው እንዲያስርቡ የሚያስማማ ውል አዘጋጀ። የብሪታንያም ሕግ ይህንን መንገድ ተከተለ። መርከቡን መያዝ ስለማይቻል፣ እንግሊዛዊ ሆኖ በመርከቡ ላይ መሥራትን፣ ስንቅ ማቀበልን፣ ማስታወቂያ መስጠትን ወንጀል አደረገ።

ሕጉ የሚጸናው ነሐሴ 15 ቀን 1967 ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነበር። ሬዲዮ ለንደን በዋዜማው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰናበተ፤ የመጨረሻው ዘፈን የቢትልስ «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» ነበረ። አቅራቢዎቹ በባቡር ለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ሲደርሱ መድረኩ በሚያለቅሱና በሚጮኹ ወጣቶች ተሞልቶ ጠበቃቸው። ሌሎቹም ጣቢያዎች አንድ በአንድ ጠፉ። ካሮላይን ብቻ ቀረ። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ጆኒ ዎከርና ሮቢ ዴል ከሚ አሚጎ ላይ ሥርጭቱን ቀጠሉ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእያንዳንዱ ቃላቸው ዋጋ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊሆን ይችል ነበር።

በማን ደሴት የሆነውም ይገርማል። ደሴቲቱ ከሺህ ዓመት በላይ ታሪክ የሚነገርለት ቲንዋልድ የሚባል የራሷ ፓርላማ አላት። ፓርላማው ሕጉን አልቀበልም አለ፤ ሰሜናዊው ካሮላይን የደሴቲቱን ስም በየቀኑ እየጠራ ቱሪስት ያመጣላት ነበርና። ለንደን ግን በንጉሣዊ ምክር ቤት ትእዛዝ ሕጉን ጫነባት። በአንድ የፖፕ ሬዲዮ ሰበብ የሕገ መንግሥት ክርክር የተነሣበት አገር እምብዛም አይገኝም።

መስከረም 30 ቀን 1967 ቢቢሲ ሬዲዮ ዋንን ከፈተ። ማለዳ የመጀመሪያውን ዘፈን ያስተዋወቀው ከባሕር የመጣው ቶኒ ብላክበርን ነበር። ከአቅራቢዎቹ ብዙዎቹ ከመርከብ የወረዱ ናቸው፤ መለያ ዜማውን ሳይቀር የሠራው ለሬዲዮ ለንደን የሠራው የዳላስ ኩባንያ ነው። መንግሥት በነሐሴ የከለከለውን በመስከረም ራሱ ሠራው። ዎከር ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ተቀጠረ፤ ከቢቢሲ ማይክሮፎን ጡረታ የወጣው በ2024 መገባደጃ፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው።

ሁለቱ የካሮላይን መርከቦች በመጋቢት 1968 በአንድ ሌሊት ዝም አሉ። ያስቆማቸው ፖሊስ አልነበረም፤ ያልተከፈለ ዕዳ ነበር። ስንቅ የሚያመላልስላቸው የኔዘርላንድ ኩባንያ ገመድ አስሮ ጎትቶ አምስተርዳም አስገባቸው።

ኔዘርላንድ ሌላ ታሪክ አላት። እዚያ ሕጉ ዘግይቶ በ1974 ስለመጣ ቬሮኒካ ለአሥራ አራት ዓመታት የአገሩ ተወዳጅ ጣቢያ ሆኖ ኖረ። የሚገርመው ደግሞ የቬሮኒካ ፕሮግራም አብዛኛው ሂልቨርሰም ከተማ በሚገኝ ስቱዲዮ እየተቀዳ በቴፕ ወደ መርከቡ መወሰዱ ነው። ይህን ያህል ተረጋግቶ የሚሠራ ድርጅት ግን ተፎካካሪ ሲመጣበት አልታገሠም። በ1970 ሁለት የስዊስ ነጋዴዎች ሜቦ ቱ በተባለች ደማቅ ቀለም በተቀባች መርከብ ሬዲዮ ኖርዝ ሲ ኢንተርናሽናልን ከፍተው ነበር። ግንቦት 15 ቀን 1971 ሌሊት በጎማ ጀልባ የመጡ ሰዎች መርከቧ ላይ ፈንጂ አፈነዱ። እሳቱ ሲነድ አቅራቢዎቹ የድረሱልን ጥሪውን በራሱ በጣቢያው ሞገድ አሰሙ፤ አድማጭ ሁሉ በቀጥታ ሰማው። ሰው አልሞተም። ምርመራው የደረሰው ግን ከቬሮኒካ አለቆች ዘንድ ነው፤ ከባለቤቶቹ ወንድማማቾች አንዱም ታሰረ። ሜቦ ቱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለሊቢያ ተሸጣ ከሰሜን ባሕር ታሪክ ወጣች።

እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ ባሕር የወጡት ለሙዚቃና ለገንዘብ ነው። ለሌላ ዓላማ የወጣ አንድ ሰው አለ። አቢ ናታን ኢራን ውስጥ ተወልዶ ቦምቤይ ያደገ፣ የጦር አብራሪ የነበረ፣ ኋላ ቴል አቪቭ ውስጥ ካሊፎርኒያ የተባለ ካፌ የከፈተ እስራኤላዊ ነው። በ1966 ትንሽ አውሮፕላን እያበረረ ብቻውን ወደ ጠላት አገር ግብፅ ሄደ፤ ሰላም ልናገር ብሎ። ግብፆችም በደኅና መለሱት። በ1973 ደግሞ መርከብ አምጥቶ በቴል አቪቭ ፊት ለፊት መልሕቅ ጣለና የሰላም ድምፅ የተባለውን ጣቢያ ከፈተ። አቅራቢዎቹ በአብዛኛው ከእንግሊዝ የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ በሙዚቃው መካከል የጦርነት ይብቃ መልእክት ይተላለፍ ነበር። ጣቢያው በእስራኤልም በአረብ አገሮችም ይሰማ ነበር። ናታን ከፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት መሪዎች ጋር መገናኘትን የሚከለክለውን ሕግ ጥሶ ታሰረ፤ ከእስር ወጥቶም ተመልሶ ተገናኘ። ለተራቡት ይሮጥ ነበርና በ1960ዎቹ መጨረሻ ቢያፍራ፣ በ1977ቱ ዓመተ ምሕረታችን ድርቅ ጊዜ ደግሞ ኢትዮጵያ ድረስ እርዳታ ይዞ መጥቷል። በ1993 የኦስሎ ስምምነት ሲፈረም ሥራዬ አልቋል ብሎ፣ ዕዳም ከብዶት ነበርና፣ መርከቧን ሆን ብሎ ባሕር ውስጥ አሰጠማት። ተስፋው ቸኩሎ ነበር። ያም ሆኖ ሃያ ዓመት ያህል በውኃ ላይ ሆኖ ስለ ሰላም የተናገረ ሰው ነውና፣ ከሁሉም የባሕር ላይ ሬዲዮዎች ታላቅ ክብር የሚገባው የእርሱ ነው።

በኒውዚላንድ ሬዲዮ ሀውራኪ በ1966 ከኦክላንድ ወጥቶ 1,111 ቀን ባሕር ላይ ቆየና የመንግሥትን የብቸኝነት በር አስከፈተ፤ በ1970 ፈቃድ አግኝቶ ወደ ምድር ተመለሰ። በዚያው የመጨረሻ የመመለሻ ጉዞ አንዱ አቅራቢ በሌሊት ከመርከቡ ወድቆ ቀረ። የድሉ ቀን የሐዘን ቀን ሆነ።

ሚ አሚጎ ግን አልሞተችም ነበር። በ1921 ኪል ላይ የተሠራች የጀርመን የጭነት ጀልባ ናት፤ ከዚያ ለሬዲዮ ኖርድ፣ ከዚያ ለአትላንታ፣ ከዚያ ለካሮላይን አገልግላለች። በ1972 አምስተርዳም ላይ በጨረታ ተሸጣ እንደገና ባሕር ወጣች። አሮጌ ብረቷ በየቦታው እየተበሳ፣ ሠራተኞቿ ሌት ተቀን ውኃ በፓምፕ እያወጡ፣ ከሰባት ዓመት በላይ አሰራጨች። መጋቢት 1980 ላይ በማዕበል መልሕቋ ተበጥሶ ሎንግ ሳንድ በተባለው የአሸዋ ደለል ላይ ተቀመጠች። ውኃው ወደ ማሽን ክፍሉ ሲገባ አቅራቢዎቹ ቶም አንደርሰንና ስቲቪ ጎርደን ማይክሮፎኑን ከፍተው አድማጩን ተሰናበቱ። ሰዎቹንና ዊልሰን የሚሏትን የመርከቧን ወፍ ከሺርነስ የመጣው የነፍስ አድን ጀልባ አተረፋቸው፤ የጀልባው አለቃ ቻርልስ ባውሪ በዚያ ሌሊት ላሳየው ጀግንነት የብር ሜዳሊያ ተሸልሟል። መርከቧ ሰጠመች፤ ምሰሶዋ ግን ለዓመታት ከውኃው በላይ ቆሞ ይታይ ነበር።

ካሮላይን ሮስ ሪቬንጅ በተባለች የቀድሞ የዓሣ መርከብ በ1983 ተመለሰ። የ1987ቱ ትልቅ ማዕበል ያንገዳገደው ረጅም ምሰሶዋ ከሳምንታት በኋላ ወደቀ። በነሐሴ 1989 የኔዘርላንድና የእንግሊዝ ባለሥልጣናት መርከቧ ላይ ወጥተው ዕቃዋን ነቃቀሉ፤ አቅራቢዎቹ የሚሆነውን በቀጥታ እየተናገሩ ነበርና አድማጩ ይህንንም ሰማ። የባሕር ላይ ሥርጭቱ ኅዳር 1990 አበቃ። በቀጣዩ ዓመት መርከቧ ራሷ ጉድዊን ሳንድስ ላይ ተቀረቀረች፤ ሠራተኞቹን ሄሊኮፕተር አነሣቸው፣ እርሷም ተጎትታ ዳነች።

እንግዲህ ምንድን ነው የሚናፈቀው? ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ተደጋግሞ ይወጣል። በፍሪንተን መብራት ያበሩት፣ የሜቦ ቱን እሳት የሰሙት፣ የሚ አሚጎን ስንብት በሌሊት ያደመጡት ሰዎች፣ በዚያች ደቂቃ በታወቀ ቦታ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ እንደሚያናግራቸው ያውቁ ነበር። ነፋሱ የእነርሱን መስኮት ሲመታ የእርሱንም መርከብ ይመታል። ዘፈኑን የመረጠው እርሱ ነው፤ ነገ ላይመጣ ይችላል። ቬሮኒካ በቴፕ ይሠራ እንደነበረ ቢታወቅም፣ የኔዘርላንድ አድማጭ በባሕር ዳር ቆሞ መርከቧን በዓይኑ ያያት ነበር። ዛሬ ዘፈን የሚመርጥልን ስሌት ቦታ የለውም፣ አይርበውም፣ ማዕበል አይነካውም። ምርጫው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከማን ጋር እንዳመሸን ብንጠየቅ ግን ስም መጥራት አንችልም። ሽማግሌዎቹ ዝገት ለማየት የሚጓዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ልጅነታቸውን ብቻ ፍለጋ ነው ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይደለም።

ይህ ሁሉ ታሪክ በድምፅ ተጠብቆ የቆየው ደግሞ በአድማጮች ነው። ጣቢያዎቹ መዝገብ ቤት አልነበራቸውም፤ መርከብ ይሰጥማል፣ ቴፕ ይደመሰሳል። የጆን ፒልን የመጨረሻ የባሕር ላይ ሌሊት፣ የሬዲዮ ለንደንን መዝጊያ፣ የሚ አሚጎን ስንብት ዛሬ መስማት የተቻለው፣ በየቤቱ ያሉ ልጆች በጥቅል ቴፕና በካሴት ቀድተው፣ ቀኑን ጽፈው፣ ስላኖሩት ነው። ሬዲዮ ካሮላይን በ2017 ሕጋዊ ፈቃድ አግኝቶ ዛሬ በ648 ኪሎኸርዝ ይሰማል፤ ሮስ ሪቬንጅም በኤሴክስ ብላክዋተር ወንዝ ላይ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ትጠገናለች።

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ቤት፣ በሣጥን ታች ወይም በመደርደሪያ ላይ፣ ከሬዲዮ የተቀዳ ካሴት እንደሚኖር ተናጋሪው ያምናል። ከኢትዮጵያ ሬዲዮ የእሑድ ማለዳ ይሆናል፣ ከአጭር ሞገድ የተያዘ የማታ ዜናም ይሆናል፤ ከመካከሉ የአቅራቢው ድምፅ፣ የሰዓት ምልክቱ፣ ማስታወቂያው አብሮ ተቀድቶ ይገኛል። ካሴት በሙቀትና በሻጋታ ይጠፋል። እባካችሁ ሳይጠፋ ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጡት፤ ዘፈኑን ብቻ ቆርጣችሁ አታስቀሩ፤ የተናገረውን ሰው ስምና የተቀዳበትን ቀን የምታውቁ ከሆነ በላዩ ላይ ጻፉበት።